የባሌ እናቶች ያልተጻፉ መጻሕፍት፤ ሴቶች የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ሲጽፉ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአገራችን ብሂል፡፡ ብሂሉ እውነት ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች ለልጆቻቸው ያወረሱት ታሪክ ወንዶቹ ካወረሱት እጅግ ያነሰ ነው ማለት ነው፡፡ ይህ የሆነው ግን ሴቶቹ ያነሰ ስለኖሩ አይደለም፡፡ የኖሩትን የጻፈላቸው፣ ወይም ራሳቸው እንዲጽፉት ዕድል የሰጣቸው ስላልነበረ ነው፡፡

በመጻሕፍት መደብር የግለ ታሪክ መጻሕፍት የሚደረደሩበትን ጥግ ላስተዋለ ሰው ጉዳዩ ግልጽ ነው፡፡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»፣ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ፣ የልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው»፣ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»፣ የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»፣ የሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» ጎን ለጎን ተሰልፈዋል፡፡ ንጉሡም፣ መኳንንቱም፣ ወታደሩም፣ ታጋዩም የየራሱን ጽፏል፡፡ ሚስቶቻቸው፣ እህቶቻቸውና እናቶቻቸው ግን በብዛት የሚገኙት በእነዚሁ መጻሕፍት ገጾች ውስጥ በአንድና በሁለት አረፍተ ነገር ነው፡፡ ከዚህም የሚገርመው በ1994 ዓ.ም. ብዙ አንባቢ ያገኘውን «የሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ትዝታዎች» የተባለውን መጽሐፍ ያዘጋጀችው ሴት ናት፤ ገነት አየለ አንበሴ፡፡ ብዕሩ የሴት፣ ትዝታው የወንድ ማለት ነው፡፡

የዛሬው ጽሑፍ ዓላማ የኢትዮጵያ ሴቶች ስለራሳቸው ሕይወት የጻፏቸውን ሥራዎች ባጭሩ ማስተዋወቅ፣ ቀጥሎም ይህ የአጻጻፍ ዘርፍ እስካሁን እምብዛም ያልደረሰበትን አንድ አካባቢ፣ ማለትም ሮቤን፣ ጎባንና የባሌን ደጋ አብነት አድርጎ ችግሩ የት ላይ እንደሆነ ማሳየት ነው፡፡ ጸሐፊው የሕግ ሰው እንደመሆኑ «የተነገረ ታሪክ ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሳያነሳ አያልፍም፡፡

ከገድል እስከ ግለ ታሪክ

በቅድሚያ ቃላቱን እንለይ፡፡ «የሕይወት ታሪክ» ስንል አንድ ሰው ስለሌላ ሰው የሚጽፈውንም ይጨምራል፡፡ «ግለ ታሪክ» ባለታሪኩ ራሱ የጻፈው ነው፡፡ «ትውስታ» ወይም «ትዝታ» ደግሞ ከልደት እስከ ሽምግልና ያለውን ሁሉ ሳያካትት ባለታሪኩ ካሳለፈው አንዱን ዘመን ወይም አንዱን ጉዳይ መርጦ የሚተርክበት ነው፡፡ ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፡፡ በችሎት ቋንቋ «አይቻለሁ» ያለ ምስክርና «ሰምቻለሁ» ያለ ምስክር እኩል ክብደት የላቸውም፡፡ በታሪክም እንዲሁ ነው፡፡

አገራችን የሴትን ሕይወት በጽሑፍ የማስፈር ልማድ ፈጽሞ አልነበራትም ማለት አይቻልም፡፡ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ እምነትን አንቀበልም ካሉት አንዷ የሆኑት የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገድል ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672 ተጽፏል፡፡ ገድሉ ባለታሪኳን ቆራጥ፣ ቁጡ፣ አስተዳዳሪ አድርጎ የሚያሳይ ብርቅ ሰነድ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ጸሐፊው ገላውዴዎስ የተባሉ መነኩሴ ናቸው፡፡ የጻፉትም እርሳቸውን የሚያውቋቸው ከነገሯቸው ነው፡፡ ወለተ ጴጥሮስ በራሳቸው አንደበት «እኔ» ብለው የተረኩበት አይደለም፡፡

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ብቅ አሉ፡፡ በስዊዘርላንድ የተማሩት፣ በወረራው ዘመን ወደ ጣሊያኗ የአዚናራ ደሴት በግዞት የተወሰዱት፣ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩትና በ1950 ዓ.ም. ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት ስንዱ «የልቤ መጽሐፍ» የተሰኘ የግጥምና የተውኔት መድበል አሳትመዋል፡፡ ርዕሱ ራሱ ብዙ ይናገራል፡፡ ሆኖም ያን የመሰለ ሕይወት ያሳለፉ ሴት የግጥምና የተውኔት መጽሐፍ እንጂ እንደ ዘመነኞቻቸው ወንዶች ሰፊ ግለ ታሪክ በመደርደሪያው ላይ አላስቀመጡልንም፡፡

ግለ ታሪኮቹ በብዛት መምጣት የጀመሩት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ነው፡፡ የሚገርመው ግን አብዛኞቹ መጀመሪያ የታተሙት በውጭ ቋንቋ መሆኑ ነው፡፡ የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ልጅ ማርታ ነሲቡ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ወደ ጣሊያን የተጋዙበትን ዘመን እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያንኛ አሳተሙ፡፡ በሙያዋ የሕግ ባለሙያ የሆነችው ርብቃ ኃይሌ አባቷ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በደርግ ወታደሮች በጥይት ተመትተው ቤተሰቡ ከተሰደደ ከ25 ዓመታት በኋላ ወደ አገሯ ስትመለስ ያየችውንና የተሰማትን እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝኛ ጻፈች፡፡ ሕይወት ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2012 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ባሳተመችው መጽሐፍ በኢሕአፓ ውስጥ ያሳለፈችውን የወጣትነት ዘመን፣ ጓደኛዋ ጌታቸው ማሩ በራሱ ድርጅት መገደሉንና ስምንት የእስር ዓመታቷን ተረከች፡፡ ይኸኛው እንኳ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን «ማማ በሰማይ» በሚል ርዕስ ወደ አማርኛ የተመለሰው ቆይቶ ነው፡፡

የሕይወት ተፈራ መጽሐፍ የተወደደበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፡፡ ስለ ኢሕአፓ ከዚያ በፊት ብዙ ተጽፏል፡፡ የድርጅቱን መዋቅር፣ የማዕከላዊ ኮሚቴውን ክፍፍል፣ የትጥቅ ትግሉን መስመር ወንዶቹ ነግረውናል፡፡ አንዲት ወጣት ሴት የምትወደው ሰው ከድርጅቷ ጋር ሲጋጭ ውስጧ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረንም ነበር፡፡ ይህ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም፤ ራሱ ታሪክ ነው፡፡

የተናገረች እንጂ ያልጻፈች ሴት

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ የተማሩ ሴቶች ናቸው፡፡ ፊደል ያልቆጠረችዋስ?

እዚህ ላይ የአይዳ እደማርያም ሥራ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል፡፡ አይዳ እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝኛ ያሳተመችውና በዓመቱ የኦንዳቼ ሽልማት ያገኘችበት መጽሐፍ የአያቷን የወይዘሮ የተመኙን ሕይወት የሚተርክ ነው፡፡ ወይዘሮ የተመኙ ጎንደር ውስጥ በስምንት ዓመታቸው በዕድሜ እጅግ ለሚበልጧቸው ካህን ተዳሩ፤ ወለዱ፤ ባላቸው ሲታሰሩ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ፤ ፊደል የቆጠሩትም በዕድሜያቸው አመሻሽ ነው፡፡ የልጅ ልጃቸው ድምፃቸውን ለብዙ ዓመታት እየቀዳች አኖረችው፡፡ መጽሐፉ የተሠራው ከዚያ ነው፡፡ አንዲት ተራ የጎንደር እመቤት በዓለም አደባባይ የተነበበችው ዝነኛ ስለሆነች ሳይሆን የሚያዳምጣት ስላገኘች ነው፡፡

ነገሩ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም፡፡ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ግለ ታሪክ ተብሎ የሚጠቀሰው መጽሐፍ ማርጀሪ ኬምፕ የተባለች ሴት በ1430ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጸሐፊ በቃል እየነገረች ያስጻፈችው ነው፡፡ ሙሉ ቅጂው የተገኘው ደግሞ ከ500 ዓመት በኋላ፣ በ1934 ነበር፡፡ ስለዚህ «ካልጻፈች ግለ ታሪክ የላትም» የሚለው ክርክር ከጅምሩ ውድቅ ነው፡፡

ባሌ፤ የሚናገር ብዙ፣ የሚጽፍ ጥቂት

አሁን ወደ ባሌ እንሂድ፡፡ ሮቤ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የስንዴ አገር ከተማ ናት፡፡ ጎባ ደግሞ ከሮቤ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቃ፣ ከሳነቴ አምባ ግርጌ የተቀመጠች የቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ናት፡፡ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በመመዝገቡ አካባቢው በቀይ ቀበሮውና በ4377 ሜትሩ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ በዓለም ይታወቃል፡፡ ቀበሮውን የሚያጠኑ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፡፡ በዚያው ደጋ ገብስ የምትዘራዋን፣ ከብት የምታልበዋን፣ እንጨት ተሸክማ ጎባ ገበያ የምትወርደዋን ሴት ሕይወት በራሷ አንደበት የያዘ መጽሐፍ ግን በመደብሮቻችን ማግኘት ይቸግራል፡፡

ይህ የሆነው የሚተረክ ጠፍቶ ነውን? አይደለም፡፡ በባሌ ደጋ ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላት ሴት ምን ምን እንዳየች እንቁጠር፡፡ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው የባሌ የገበሬዎች ዐመፅ በልጅነቷ ወይም በሙሽርነቷ ዘመን አልፏል፡፡ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነበረች፡፡ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር የባሌን ቆላ ሲይዝ የተፈናቃዩን ጎርፍ አይታለች፡፡ ከዚያ በኋላ ባሌ የመንደር ምሥረታ ቀድሞ ከተጀመረባቸው አካባቢዎች አንዷ ስትሆን ጎጆዋን አፍርሳ በመስመር በተሠራ መንደር እንደገና የቀለሰች እሷ ናት፡፡ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ የሸኘችም እሷ ናት፡፡

ስለ ባሌ ዐመፅ የተጻፈው ጥቂት አይደለም፡፡ የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የገበሬ ዐመፆች ጥናት፣ ኖርዌያዊው ተርየ ኦስተቦ ደግሞ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን በጥልቀት አንስተዋል፡፡ የመሬት መለካትና መወረስ፣ የግብር ውዝፍ፣ የአስተዳዳሪዎች በደል፣ የጄኔራል ዋቆ ጉቱ ስም ተደጋግሞ ይነሳል፡፡ ነገር ግን ባሏ ጫካ የገባባት የአርሲ ኦሮሞ ሴት ልጆቿን በምን እንዳሳደገች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ባሏ መንግሥትን ወክሎ ሲዋጋ የሞተባት የጎባ ነዋሪ ማታ ማታ ምን ስትሰጋ እንደነበር፣ ሁለቱ ሴቶች በገበያ ሲገናኙ ምን ይባባሉ እንደነበር ማን ጻፈው? ባሌ እስከዛሬ በሁለት ወገን የሚተረክ ታሪክ ያላት ምድር ናት፡፡ የወንዶቹ ትረካ የሚጀምረውም የሚያበቃውም በጠመንጃ ነው፡፡ የሴቶቹ ትረካ ምናልባት በውኃ መቅጃው፣ በአራስ ቤቱና በለቅሶው የሚያገናኝ ነገር ይኖረው ይሆናል፡፡ ሳይሰማ ግን ማወቅ አይቻልም፡፡

ከዚህም ሌላ የባሌ ሴት የመናገር ወግ አላት፡፡ የአርሲ ኦሮሞ ሴት ስታገባ የምትይዘው ሲንቄ የተባለው በትር የጌጥ ዱላ አይደለም፡፡ በባሏ የተደበደበች ወይም ክብሯ የተነካ ሴት ጩኸት ስታሰማ ሌሎቹ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደሉ ተነግሮ፣ በዳዩ ክሶ ዕርቅ እስኪወርድ አይመለሱም፡፡ የተጣሉ ወገኖች መካከል ሲንቄ ይዘው ከገቡ ጠቡ መቆም አለበት፡፡ በሕግ ቋንቋ ብንመልሰው አቤቱታ፣ ምስክርነትና ካሣ ያለው ሥርዓት ነው፡፡ በአቴቴ ደግሞ ሴቶች ተሰብስበው በዜማ ይለምናሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይወቅሳሉ፡፡ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚደረገው ጉዞም በተጓዦቹ ውዳሴና ዜማ የታጀበ ነው፡፡ የሲንቄን ሥርዓት ከሴቶች መብት አንፃር እ.ኤ.አ. በ1997 በጽሑፍ ካቀረቡት ቀደምት አጥኚዎች አንዷ በደርግ ዘመን ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ያለ ፍርድ የታሰረችው ጋዜጠኛ ማርታ ኩዌ ኩምሳ መሆኗ የሚያስገርም አይደለም፡፡ የራሷን ድምፅ የተነፈገች ሴት የሌሎች ሴቶች ድምፅ የት እንደሚቀመጥ ፈልጋ አገኘች፡፡

ይሁንና በሲንቄ የሚነገረው የጋራ ድምፅ ነው፡፡ አንዲት ሴት ለብቻዋ «እኔ እንዲህ ኖርኩ» የምትልበት አይደለም፡፡ ጉዳዩ ከተሸመገለ በኋላም ቃሉ አብሮ ያልፋል፡፡

ለምን አልተጻፈም?

የመጀመሪያው ምክንያት «ገመና» የሚባለው ነው፡፡ የሴት ልጅ ታሪክ ሲነገር የባሏ፣ የወንድሟና የልጆቿ ታሪክ አብሮ ይነገራል፡፡ የጦር ሜዳ ጀብዱ የሚጽፍ ወንድ ቤተሰቡን ያስከብራል፤ የጓዳዋን የምትጽፍ ሴት ቤተሰቧን አዋረደች ይባላል፡፡ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረትም እዚሁ ይመጣል፡፡

ሁለተኛው ሴቶቹ ራሳቸው «የኔ ታሪክ ምን ታሪክ ሆኖ?» ማለታቸው ነው፡፡ ታሪክ ሹመት፣ ዘመቻና እስር ነው ተብሎ ስለተነገራቸው አሥር ልጅ ወልዶ አምስቱን መቅበር ታሪክ መሆኑን አልሰሙም፡፡

ሦስተኛው ብዙም የማይነሳው የፊደል ጉዳይ ነው፡፡ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን ሽልማት ያስገኘ ታላቅ ሥራ ነበር፡፡ በኦሮምኛ የተማሩት እናቶች የተማሩት በግዕዝ ፊደል ነው፡፡ በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ፡፡ የውሳኔው ተገቢነት የዚህ ጽሑፍ ርዕስ አይደለም፡፡ ውጤቱ ግን ይታያል፡፡ በዘመቻው ስሟን መጻፍ የተማረች የሲናና ወይም የዲንሾ እናት ልጇ የሚማርበትን የገዛ ቋንቋዋን መጽሐፍ ማንበብ ሳትችል ቀረች፡፡ በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ማይም መሆን ማለት ይህ ነው፡፡ የጎባና የሮቤ የከተማ ሴት ደግሞ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀላቀለች ትናገራለች፡፡ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ፊደል ትጻፍ? አሳታሚው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አንባቢው የተከፋፈለ ነው፡፡

የተነገረ ሕይወት የማን ንብረት ነው?

ለማትጽፍ ሴት ሌላ ሰው ቢጽፍላት መፍትሔ ይመስላል፡፡ መፍትሔም ነው፤ ግን አደጋ አለው፡፡ ሩቅ ሳንሄድ የባሌ ጎረቤት በሆነችው አርሲ የሆነውን እናስታውስ፡፡

አበራሽ በቀለ የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ገደለች፡፡ በነፍስ ግድያ ተከስሳ በኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ጠበቆች ድጋፍ ራሷን በመከላከል የፈጸመችው ነው ተብሎ በነፃ ተሰናበተች፡፡ ጉዳዩን ከያዙት መካከል በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይገኙበታል፡፡ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚድንበት መንገድ ነበር፡፡ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህንን በር ዘጋው፡፡

ታሪኩ በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ዳይሬክተርነት «ድፍረት» በሚል ርዕስ ፊልም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማቶችን አገኘ፡፡ በፊልሙ ውስጥ ግን የባለታሪኳ ስም ሂሩት ነው፡፡ በነሐሴ ወር መጨረሻ 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ዕግድ ቆመ፡፡ ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወስዷል ያለችው አበራሽ በቀለ ነበረች፡፡ ማን ትክክል እንደነበር መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም፡፡ ፊልሙ ለብዙ ልጃገረዶች ጠቃሚ መሆኑም አይካድም፡፡ ጥያቄው ግን ቀርቷል፤ አንዲት ሴት ሕይወቷ ለዓለም ሲነገር የት ቆማ ትመለከታለች?

ሌላውም ዓለም ይህንኑ ተጋፍጧል፡፡ በሰሜን ናይጄሪያ ባባ የተባሉ የሐውሳ እናት የነገሯቸው የሕይወት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲታተም በጸሐፊነት የሰፈረው የቀረጸቻቸው የሜሪ ስሚዝ ስም ነው፡፡ የጓቲማላዋ ሪጎቤርታ ሜንቹ በ1982 ፓሪስ ውስጥ ለኤሊዛቤት ቡርጎስ የነገረችው ታሪክም በ1983 የወጣው በቡርጎስ ጸሐፊነት ነው፡፡ ሜንቹ በ1992 የኖቤል የሰላም ሽልማት ካገኘች በኋላም በመጽሐፉ ባለቤትነትና በአንዳንድ ዝርዝሮቹ እውነትነት ላይ ብዙ ክርክር ተነሳ፡፡

ሕጋችን ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው) ለዚህ ጉዳይ ብዙ የሚጠቅም ነገር አለው፡፡

አንደኛ፣ አዋጁ «ሥራ» የሚለው የተጻፈውን ብቻ አይደለም፡፡ ንግግርና ሌላም በቃል የቀረበ ሥራ ይካተታል፡፡ ነገር ግን ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ግዙፍነት ሲያገኝ፣ ማለትም በወረቀት፣ በቴፕ ወይም በሌላ ዘዴ ሲቀረጽ ነው፡፡ ስለዚህ በእሳት ዳር የተነገረ ትዝታ አየር ላይ ይቀራል፤ በስልክ የተቀዳ ትዝታ ግን በሕግ ፊት መቆሚያ ያገኛል፡፡

ሁለተኛ፣ አንዲት እናት ቃሏን፣ የአነጋገር ለዛዋንና የታሪኩን አካሄድ ሰጥታ ሌላው ያቀናጀው እንደሆነ ሥራው የጋራ ሥራ ነው ብሎ ለመከራከር ጠንካራ መሠረት አለ፡፡ ጭብጡን ብቻ ሰምቶ በራሱ ቃል ለጻፈ ሰው ግን መልሱ ሌላ ነው፤ ሕጉ የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ የሆነውን ነገር አይደለምና፡፡ ይህን ሁሉ ለፍርድ ቤት ከመተው በፊት በጽሑፍ መስማማት ይበጃል፡፡ የኢኮኖሚ መብቱ በጸሐፊው ዕድሜና ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት የሚቆይ በመሆኑ ጉዳዩ የልጅ ልጆችንም ይመለከታል፡፡

ሦስተኛ፣ ስምምነቱ የተደረገው ማንበብ ከማይችል ሰው ጋር ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 ልብ ሊባል ይገባል፡፡ የማይማን ወይም የዓይነ ስውራን ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በአዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም፡፡ «እማማ እዚህ ላይ ይጫኑልኝ» ተብሎ የተወሰደ አሻራ ጸሐፊውን አያድነውም፡፡

አራተኛ፣ ጸሐፊው ስሙን የማስጠቀስ፣ ከፈለገ በብዕር ስም የመጠቀም ወይም ስሙን ያለመግለጽ፣ ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም የሞራል መብት አለው፡፡ ገመናን ለምትፈራ ሴት የብዕር ስም አንድ መውጫ ነው፡፡

አምስተኛ፣ ስለሌሎች መጻፍ ገደብ አለው፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም፤ በአንቀጽ 31 ምሥጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን አይገልጽም፡፡ ከቀድሞ ባል የመጣ ደብዳቤ እንዳለ መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ስለዚህ ያስጠይቃል፡፡ በአንቀጽ 2044 መሠረት በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም የሚያሳፍር ቃል ስም ማጥፋት ነው፡፡ ሆኖም እውነትነቱን ማስረዳት መከላከያ ነው፤ ለመጉዳት ብቻ ታስቦ የተደረገ ካልሆነ በስተቀር፡፡ ስለዚህ ሕጉ ሴቲቱን ዝም በይ አይላትም፡፡ እውነቱን፣ ለቁም ነገር ተናገሪ ነው የሚላት፡፡

ምን ይደረግ?

ሥራው ትልቅ በጀት አይጠይቅም፡፡ ሮቤ ውስጥ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምር የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፡፡ ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሲፈልግ የገዛ አያቱን አንድ ክረምት ቁጭ ብሎ ቢያዳምጥ፣ ንግግሯን በተናገረችበት ቋንቋ እንዳለ ቢገለብጥ፣ ትርጉሙን ለብቻ ቢያስቀምጥ፣ የጻፈውን መልሶ ቢያነብላትና «ይሄ ይውጣ» ያለችውን ቢያወጣ መጽሐፍ አለው ማለት ነው፡፡ የድምፅ ቅጂውን አንዱን ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለዩኒቨርሲቲው፣ አንዱን አዲስ አበባ ለሚገኘው ቤተ መዛግብት ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መስጠት ይቻላል፡፡ በሽፋኑ ላይ ግን መጀመሪያ የሚሰፍረው የተናጋሪዋ ስም ይሁን፡፡ አዘጋጁ ከሥር ቢጻፍ ክብሩ አይቀንስም፡፡

በከተማ ያለን የተማርን ሰዎችም ድርሻ አለን፡፡ ብዙዎቻችን እናቶቻችንን የምናስታውሰው በለቅሶ ቤት በሚነበብ የአንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ነው፡፡ «ከአባቷ ከአቶ እገሌ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ እገሊት ተወለደች፤ በሥርዓት አደገች፤ ትዳር መሥርታ ይህን ያህል ልጆች አፈራች፤ ባደረባት ሕመም…» ይላል፡፡ ሰባ ዓመት በአምስት መስመር ያልቃል፡፡ ያውም የሚነበበው እርሷ በማትሰማበት ቀን ነው፡፡

የባሌን ዐመፅ በሙሽርነት ዕድሜ ያየች ሴት ዛሬ ወደ ሰማንያ ተጠግታለች፡፡ ሰነድ በእሳት ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ይፈለጋል፡፡ ለእርሷ ግን ሌላ ቅጂ የላትም፡፡ ስለዚህ ለዓመት በዓል ወደ ጎባም ሆነ ወደ ሮቤ፣ ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ነቀምት የሚሄድ ሰው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ አስቀድሞ ፈቃዷን ጠይቆ፣ «እማዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ይበል፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡